ማንጎው ውሃ ውስጥ ሳለ

ዛሬ ጠዋት ትኩስ ውሃ የነካው የማንጎ ልጣጭ ሸተተኝ። ጣፋጭ ሆኖ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታ ነው። ደብተሬን አስቀመጥኩ፤ ወደ ጓሮ መውጣት ግን ፈራሁ። ታላቅ እህቴ ማርታ ካረፈች ወዲህ ማንጎ የምትነክርበት ትልቅ ድስት እንደተደፋ ነበር የከረመው።

እናታችን ዲላ አስፋልት ዳር፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ማንጎ ትሸጣለች። ማንጎው ከጓሯችን ዛፍ ሲወርድ ንጹሕ ነው። ሲበስል ግን ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነጠብጣቡ ይሰፋና ይበሰብሳል። ተሳፋሪው አገላብጦ አይቶ ይመልሰዋል። ልጅ ሆኜ፣ እማ ግማሹን ቅርጫት ለጎረቤት ላም ይዛ ስትሄድ አስታውሳለሁ። ፊቷን... እሱን መጻፍ ይከብደኛል።

ማርታ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሙቀት መለኪያ ይዛ መጣች። በሽታው ማንጎው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ልጣጩ ውስጥ ተደብቆ እንደሚቆይ፣ ልኩን የጠበቀ ሙቅ ውሃ ደግሞ እንደሚገድለው ነገረችን። ሃምሳ ሁለት ዲግሪ፣ ዐሥር ደቂቃ። የመጀመሪያው ቀን ግን በአጥር በኩል ከጎረቤት ጋር ወሬ ስትይዝ ውሃው ፈላባት። ማንጎው እንደ ድንች ተቀቀለ።

«አንቺ ልጅ፣ ማንጎ መቀቀል ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?» አለች እማ።

ማርታ አንዱን ልጣ ጎረሰች። «ጨው ብቻ ነው የጎደለው፣ እማ።»

እማ አልሳቀችም። «ሁለተኛ ማንጎዬን እንዳትነኪ!»

ማርታ ለምና ለምና ዐሥር ፍሬ ብቻ አገኘች። በዚህኛው ቀን ከእሳቱ አጠገብ አልተነሳችም። በእርጥብ እጇ ስልኳን መነካካት ስለማትወድ ደቂቃውን የለካችው በመዝሙር ነው። አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ ስትዘምረው ለዐሥር ደቂቃ ትንሽ ይጎድላል። የጎደለውን በጸሎት ትሞላዋለች፤ ለጎረቤት፣ ለጎረቤት ላም፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜም ሒሳብ ይግባው፣ አሜን።» አሜን ስትል ማንጎው ይወጣል። ሒሳብ የማይገባኝ ወንድሟ እኔ ነኝና እናደድ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዐሥሩም ቢጫ ሆነው በሰሉ፤ አንድ ነጠብጣብ የላቸውም። ያልተነከሩት ጠቁረዋል። እማ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ንጹሖቹን ከቅርጫቱ አናት ደረደረችና ወደ በሩ ስትሄድ «ነገም ውሃሽን ጣጂ» አለቻት።

ማርታን አምና በአጭር ሕመም አጣናት። ዘንድሮ ማንጎው እየወደቀ ሲበሰብስ ማናችንም አላነሳነውም።

ዛሬ ግን እንደምንም ወጣሁ። እማ መለኪያውን ይዛ ድስቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ያንኑ መዝሙር ቀስ ብላ ትዘምራለች። ሦስተኛው ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ዜማ ባይሆንልኝም እኔ ቀጠልኩላት። ስንጨርስ ለጎረቤት ጸለየች፤ ለላሟም። ከዚያ መለኪያውን አየች። ማንጎው ገና ውሃ ውስጥ ነው።

«ጌታ ሆይ» አለች በመጨረሻ፣ የማርታን ቃል ሳትቀይር፣ «ወንድሜም ሒሳብ ይግባው።»

አሜን አልኩና ማንጎውን አወጣሁ።