የአጋሮው ብቸኛ ጎብኚዬ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

አምና አንድ የውጭ አገር ሰው የኤንኤፍቲ ስብስቡን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሸጣቸውን የካርቱን ፊቶች፣ ከነቁጥራቸው እየሳበ የሚያሳይ ገጽ አሠራኝና ድምፁ ጠፋ። እኔ ግን ገጹን አልዘጋሁትም። በየቀኑ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይጎበኘው ነበራ! ማን እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የጎብኚ ቆጣሪው ላይ የሱን መምጣት ነው፤ ገጹን ራሱን ከፍቼው አላውቅም። ከመጣ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ባለፈው ለሥራ አጋሮ ሄጄ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁ። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረና፣ "ቁጥር ስንት ይሁን፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ?" ብሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ታብሌት ጠቆመኝ።

የኔ ገጽ! እነዚያ ጸጉራቸው ጉድ የሆነ ፊቶች በተርታ ተደርድረዋል። የሰፈሩ ጎረምሳ ለካ የጸጉር ቁርጡን የሚመርጠው ከዚያ ነው።

"እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት" ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ከሠላሳ በላይ ያለውን እንዳትመርጥ፤ ምስሉ መምጣት ካቆመ ወራት አልፎታል። በሕይወት ያለ ሰው የሠራውን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ያያል። ይህን ገጽ የሠራው ልጅ ሞቶ ነው። አላህ ይርሐመው።"

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ "አሚን" አሉ።

እኔም አብሬ አልኩ።