ሜህራብ ዲን እና ልጆች ከሰሩ

በአክብሮት «ሳሂብ» ከምንለው ከጋዛንፋር ጋር አስራ አንድ ዓመት በአንድ ቢሮ ተቀምጠናል። እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፣ እሱ ስትራቴጂክ ማኔጅመንት። የእኔ ትምህርት ተማሪ ያስተኛል እንጂ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። የእሱ ግን ጨጓራውን ልጦታል፣ አጠገቡ በመቀመጤ የእኔንም ጭምር።

ማስተማር ከመጀመሩ በፊት እዚሁ በኳስ ስፌት በምትታወቀው ከተማችን ሲያልኮት ውስጥ በአንድ የኳስ ፋብሪካ አስራ አምስት ዓመት የምርት ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው ዓይኑ እያየ ተዘጋ። ባለቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ለማንኛውም ውሳኔ «አባታችን እንዲህ ነበር የሚያደርገው» ከማለት ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ ለልጆች ምክንያት መፈለግን ማስተማር አለብኝ ብሎ ተነሳ። በየሳምንቱ የአንድ ኩባንያ ታሪክ ያመጣል፣ ያስነብባቸዋል፣ ከዚያ «አንተ ባለቤቱ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰር፣ አባቴን እጠይቃለሁ።»

ይህ አንጀቱን ስላሳረረው የኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንዲገዛለት የኮሌጁን ኃላፊያችንን ሦስት ዓመት ለመነ። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው ኳስ የሚሸጡ ኩባንያዎችን ይመራሉ፤ በየሳምንቱ ዋጋ፣ ጥራትና ማስታወቂያ ይወስናሉ፤ ማሽኑ ገበያውን ያሰላል፣ ውጤቱ ሐሙስ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ይወጣል። ጨዋታው ስምንት ዙር ነው፤ ደረጃ የሚሰጠው በመጨረሻው ዙር ትርፍ ነው። ኃላፊያችን ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ፈቀደ። ካልሠራ ግን ተመልሶ ኖት ማስጻፍ ነው።

የጋዛንፋር ስህተት ለኩባንያዎቹ ተማሪዎቹ ራሳቸው ስም እንዲያወጡላቸው መተዉ ነው። በእኛ ከተማ የፋብሪካ ባለቤት ልጅ ኩባንያ ሲሰጠው ምን ብሎ ይጠራዋል? ከአምስቱ ቡድኖች አራቱ የአባት ወይም የአያት ፋብሪካ ስም ይዘው መጡ። ሻህሜር የሚባለው ልጅ ቡድኑን «ሜህራብ ዲን እና ልጆች» አለው፤ ሜህራብ ዲን አያቱ ናቸው፣ ፋብሪካውም በዚሁ ስም አለ። አምስተኛው ቡድን በነፃ ትምህርት ዕድል የገቡ ልጆች ነበሩ። ፋብሪካ ያለው አባት ስለሌላቸው «አምስት ቁጥር» አሉት። መሪያቸው ሳፉራ የምትባል የገጠር ልጅ ናት። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት ኳስ በእጁ ሰፍቷል፤ የሚሰፋውም ለሜህራብ ዲን ፋብሪካ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ያሳፍሩ ነበር። አራቱ የባለፋብሪካ ልጆች ካንቲን ውስጥ ፓራታ የሚባለውን ቂጣ እየቆረሱ ዋጋውን አንድ ላይ ይወስናሉ። ጋዛንፋር ለምን እንደማይወዳደሩ ቢጠይቃቸው ሻህሜር ያለ ምንም ሀፍረት፣ «ሰር፣ የአጎቴን ልጅ ገበያ ልቀማ እንዴ? ዓርብ ምሳ የምበላው እነሱ ቤት ነው» አለው። ጋዛንፋር ቢሮ ገብቶ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና በስሜ ጠርቶ «ቃዚ፣ ውሃ እየወቀጥኩ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

በአምስተኛው ዙር ሳፉራ ተነሳች። አራቱ ዋጋቸውን እንደማያወርዱ አጥንታ ኖሮ የራሷን ዝቅ አደረገች፣ ርካሽ ኳስ የሚፈልጉትን ገዢዎች ጠቅልላ ወሰደች። በሰባተኛው ዙር ስክሪኑ ላይ በቀይ ቀለም «ሜህራብ ዲን እና ልጆች፦ ከስሯል» የሚል ወጣ። ጋዛንፋር ያን ቀን ለቢሮው ሁሉ ሳሞሳ ጋበዘ። እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

አንዱ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ በስልክ ላከው። ወሬ ደግሞ እግር አያስፈልገውም። በማግስቱ ቆዳ አቅራቢው መኪናውን ከፋብሪካው በር መለሰ፤ የጀርመን ገዢዎች ወኪል ደውሎ «እውነት ነው?» አለ። የሻህሜር አባት ሀጂ ሳሂብ መክሰራቸውን የሰሙት ከፀጉር አስተካካያቸው ነው።

ቅዳሜ ኃላፊያችን ቢሮ መጡ። ጋዛንፋር ሲጠራ እኔም ምስክር ልሁን ብዬ ተከተልኩት። ሀጂ ሳሂብ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«ጋዛንፋር ሳሂብ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እርስዎ የአባቴን ስም ከመቃብሩ በታች ቀበሩት» አሉ።

ጋዛንፋር ጨዋታ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ።

«ለልጆቹ ጨዋታ ነው። ቆዳ ለሚሰጠኝ ሰው ግን አይደለም። ስሙ የወደቀው እዚያ ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያው ይነሳ። ፎቶውም እንደዚያው ይዙር።»

ኃላፊያችን ጋዛንፋርን አየው። ጋዛንፋር ቁጥሩን በእጁ እንደማይነካ ተናገረ። የከሰረ ኩባንያ በብድር ተመልሶ እንዲገባ የጨዋታው ሕግ ይፈቅዳል፣ ይግቡና ያሸንፉ አለ። በጓደኛዬ ኮራሁ። ሞኞች ነበርን።

ሰኞ ዕለት የኳስ ቁራጭ በጆንያ እያመጣ ለሰፊዎች የሚያድለው የፋብሪካው ባለሞተር ሳይክል የሳፉራን ቤት አልፎ ሄደ። ማክሰኞም እንዲሁ። አባቷ የሚሰፋው አጣ፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር በቃል አይነገርም። ጋዛንፋር ከቡድኗ ልጆች ሰምቶ ፋብሪካው ድረስ ሄደ። በር ላይ ሦስት ሰዓት በሻይ አቆይተው ሀጂ ሳሂብ በሌላ በር ወጥተዋል አሉት። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ማሸነፍ አስተማርኳት፣ ማንን እንደምታሸንፍ ግን አላሰብኩም» አለ። ከዚያም ቁጥሩን ራሱ በእጁ እንደሚያስተካክል ነገረኝ። እኔም አልከለከልኩትም።

አልደረሰም። ረቡዕ የሻህሜር ቡድን በብድር ተመልሶ፣ የአምስቱም ቡድኖች የመጨረሻ ውሳኔ ሲገባ ሳፉራ ዋጋዋን እጥፍ አድርጋ፣ ማስታወቂያውን አቁማ ገበያዋን ለቃ ነበር። ጋዛንፋር ወረቀቱን አሳየኝ። መጀመሪያ ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ፤ ስቆጥረው ግን ሌላ ነው። የምትለቃቸው ገዢዎች ወደ ሌሎቹ ሦስት ኩባንያዎች እንዳይበተኑ፣ በሻህሜር መጋዘን የተከማቸውን ኳስ ብቻ እንዲፈልጉ አድርጋ አስልታዋለች። ሃያ ዓመት ስታቲስቲክስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ንጹህ ስሌት ከተማሪ አላየሁም። ሐሙስ ሜህራብ ዲን አንደኛ ወጡ፣ አምስት ቁጥር መጨረሻ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። ቅዳሜ ሞተር ሳይክሉ ጆንያ ጭኖ ሳፉራ ቤት ቆመ።

ጋዛንፋር ጠራት። እኔ ፈተና የማርም መስዬ አጎነበስኩ።

«ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ይከራከሩልኝ ነበር ሰር። ሲከራከሩ ደግሞ ይብስ ነበር።»

«አንደኛ ትወጪ ነበር እኮ።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ» አለች። ይህን ብላ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ጋዛንፋር ሙሉ ነጥብ ሊሰጣት ጻፈ። ኃላፊያችን መለሰው፤ ደረጃውን የሚያወጣው ማሽኑ ነው፣ «ቁጥር በእጅ አይነካም ያልከው አንተ አይደለህም?» አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት የማጠቃለያ ሪፖርት ነበር። አሸናፊው ቡድን ያሸነፈበትን መንገድ ማብራራት አለበት። ሻህሜር ቢሯችንን አንኳክቶ ገባ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ልጁ ከልቡ ግራ ገብቶታል።

«ሰር፣ አንደኛ የወጣንበትን ስትራቴጂ ጻፉ ተብለናል» አለ። «ምንድን ነበር ያደረግነው?»

ጋዛንፋር ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሳፉራን ጠይቃት» አለው።

ሄዶ ጠየቃት። ካንቲኑ በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ እስኪገባው ሁለት ጊዜ አስረዳችው። ሪፖርቱ ጥሩ ነበር፤ ጋዛንፋር ዘጠና ሁለት ሰጠው።