ግሌንን ማን ይንገረው?

ሌላንድ ቶርቪክ ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ሲወጣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገለበትን ልብስና የሣጥኑን ቁልፍ አስረክቦ ወጣ። ለማንም ያላስረከበው አሥራ አራት ደብተሮቹን ነው። በደብተሮቹ ውስጥ አንድ ሙሉ አገር አለ። ወንዙም ንጉሡም፣ ሐይቅ ሥር የሰመጠው ከተማም የሌላንድ ፈጠራ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ምድር ቤቱ እንሰበሰብና ያንን አገር ይተርክልናል፤ እኛ ደግሞ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ቄስ ሆነን እንገባበታለን። «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል እንመልሳለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይቆርጠዋል። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ቀስተኛ ነበርኩ። ቅዳሜ የሚቀርብን የአጋዘን አደን ወቅት ሲከፈት ብቻ ነው።

ሌላንድ አጫዋችነቱን ቀልድ አላደረገውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ጠረጴዛ በቀር የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። ልቡም ደክሟል፤ ሐኪሙ ምን እንዳለው ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ሳይሞት ያንን የሰመጠ ከተማ በር እንድንከፍትለት። በሩ ላይ ለመድረስ ጨዋታው ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶ ጥቂት ነበር የቀረን።

ግሌን የመጣው ያኔ ነው። ግሌን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው። ብቸኝነቱ አሳዝኖት ያመጣው ከእኛው ተጫዋቾች አንዱ፣ የሚስማርና የቀለም መደብር ያለው ማርቭ ነው። ማርቭን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግሌን አንዷ ስትናገር ይቀድማታል፤ ሌላው ሲያስብ ይመልስለታል። በጨዋታው ውስጥ ከጓደኞቹ ከረጢት ይሰርቃል። ለሦስት ሳምንት የተደራደርንበትን እርቅ በአንድ ስድብ ያፈርሰዋል። ከዚያ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል፤ እኛም የተደሰትን ይመስለዋል።

አንድ በጋ ሌላንድ ስለ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ሲጽፍ ከረመ። ወደ ሰመጠው ከተማ የሚያስገባውን መንገድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌውን አገኘነው፤ ሌላንድም ድምፁን የሽማግሌ አድርጎ «ልጆቼ፣ መንገዱ...» ብሎ ጀመረ።

«ወጋሁት» አለ ግሌን።

«ማንን?» አልኩት።

«ሽማግሌውን። ኪሱን ልፈትሽ።»

«ግሌን፣ ሰውየው እየነገረን እኮ ነው!»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሌባ ነኝ። የሌባ ጠባይ ይሄው ነው።» ዳይሱን ወረወረ፤ ከሁሉ የበለጠው ቁጥር ወጣለት።

ሌላንድ ዳይሱን አየው። «ሞተ» አለ። ያን ቀን ደብተሩን በጊዜ ዘጋ።

እንግዲህ ሰው የሚባል ቢኖር ግሌንን ለብቻው ጠርቶ «ወንድሜ፣ ጨዋታችንን እያበላሸህብን ነው» ይለው ነበር። ከእኛ መሃል አልተገኘም። እኛ ይሉኝታ የገደለን ሰዎች ነን፤ ጎረቤታችን እግራችን ላይ ቢቆም ስለ እግራችን ቦታ ይቅርታ የምንጠይቅ። በስልክ ግን ማን ይችለን! ማርቭ ለእኔ፣ እኔ አብራን ለምትጫወተው ለማርቭ ሚስት ለካሪን ስናማው ከረምን። ካሪን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ደግሞ እኮ ደግ ሰው ነው» ትላለች። ውሸትም አይደለም። በረዶ ባደረ ቁጥር ከሰው ሁሉ በፊት የሌላንድን ደጅ የሚጠርገው ግሌን ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን ልነግረው ቆርጬ መኪናውን ወደሚያቆምበት ሄድኩ። ስለ አየሩ አወራን። የሰጠኝን የአጋዘን ቋሊማ ተሸክሜ ተመለስኩ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሌላንድ የመጣለትን አደረገ። አንድ ቅዳሜ መነጽሩን አውልቆ ተቀመጠና ዓይኑ መድከሙን፣ ጽሑፉን ማየት አለመቻሉን፣ ጨዋታው ማብቃቱን ነገረን። ከግሌን በቀር ሁላችን አስቀድመን ተማክረናል፤ ረቡዕ ረቡዕ በማርቭ መደብር ጓዳ ያለ ግሌን ልንቀጥል። ግሌን ኮፍያውን አወለቀ።

«በቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አነብልሃለሁ» አለ።

ሌላንድ አይሆንም፣ አትቸገር አለው። ግሌን ምን ችግር አለው አለ። ሌላንድ ደገመ፤ ግሌንም ደገመ። ሦስተኛ እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ነውር ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሌላንድ ውሸት እያደር ከበደ። በእኛ ትንሽ ከተማ ማየት የማይችል ሰው መኪና ሲነዳ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ግሌን እንዳያየው ማርቭ ረቡዕ ረቡዕ ሌላንድን በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎበት ያመጣው ጀመር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ስለ ሌላንድ ዓይን ጸሎት አስደረገ። ሌላንድ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። በማግስቱ ካሪን ደወለችልኝና እግዜር ፊት ከዋሸች ወዲያ ዳይስ እንደማትጥል ነገረችኝ። ሚስቱ ከቀረች ማርቭም ቀረ። እኔና ሌላንድ ብቻ ቀረን፤ ሁለት ሰው ደግሞ ያወራል እንጂ ጉዞ አይወጣም።

ግሌን ግን አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ድንች በተፈጨ ሥጋ ጋግሮ፣ በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኖ ይመጣል። መጀመሪያ ጋዜጣ ያነብለት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን «ደብተሮችህ ይናፍቁሃል፤ እነሱን ላንብብልህ» አለው። እምቢ የሚልበት ምን ምክንያት አለው? አሥራ አራቱም ወጡ። የእያንዳንዱ በር ምስጢር፣ የእያንዳንዱ ከዳተኛ ስም በግሌን አፍ ተነበበ። ሌላንድ ለማንም ሊያጫውተው የሚችል ነገር አልቀረውም። እኔም ጸጸቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ።

ግሌን በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ነው የሚያነበው። ጀልባ ቀዛፊው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሽማግሌው ለካ ይህን ሁሉ ሊነግረን ነበር» አለ። «ምነው ያኔ ብትነግረኝ።»

«ከነገርኩህማ ጨዋታው የት አለ?» አለ ሌላንድ።

«እሱማ ልክ ነህ» አለና ንባቡን ቀጠለ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን አልነገርነውም። ያቺ ሰዓት እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

የመጨረሻው ደብተር መጨረሻ አካባቢ ደረስን። እኔ ከግሌን ጎን ሶፋው ላይ ነበርኩ። ገጹን ሲገልጥ አየሁት። ስለዚያ አገር አልነበረም። በሌላንድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ግሌንን ማን ይንገረው? ማርቭ አይችልም። ጆሊን ሄዳ ቋሊማ ይዛ ተመለሰች። እኔም ፈሪ ነኝ። ዓይኔ ታመመ ብልስ?»

የግሌን ጣት መስመሩ መጨረሻ ላይ ቆመ። ፊት ለፊቱ ሌላንድ ተቀምጧል፤ ገጹን በደንብ ያየዋል። ፊቱ አመድ መሰለ። አላይም ያለ ሰው ምን ብሎ ይናገር?

«ይሄ ገጽ ባዶ ነው» አለ ግሌን፤ ገለጠውና ቀጠለ።

የሰመጠውን ከተማ፣ በሩን፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ቃል አነበበ። ድምፁ አልተለወጠም። ደብተሩን ዘግቶ ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ ደረደረው። የተረፈውን ድንች ሸፈነ፣ ነገ አሙቆ እንዲበላው ነገረውና ወጣ።

«ጆሊን፣ ባዶ አልነበረም» አለኝ ሌላንድ።

«አልነበረም።»

«ጥሪልኝ።»

መኪናው ገና ደጅ ላይ እየሞቀ ነበር። እኔ ግን «ቅዳሜ ይመጣ የለ፣ ያኔ ትነግረዋለህ» አልኩት።

ዓርብ ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ቅዳሜ ስደርስ የሌላንድ ደጅ እስከ ደረጃው ድረስ ተጠርጓል፤ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ሌላንድ ጠረጴዛውን ከምድር ቤቱ አስወጥቶ መስኮቱ አጠገብ አድርጎታል። የግሌንን ወንበር ስቦ፣ ዳይሱን ከፊቱ አኑሮ፣ መነጽሩን በግልጽ አድርጎ ተቀምጧል። ምን እንደሚለው ሌሊቱን ሲለማመድ አድሮ ነበር፤ ለእኔ ሁለት ጊዜ አሰማኝ።

እስከ ማምሻው ጠበቅን። ሊመሽ ሲል የበረዶ መጥረጊያው መኪና በጎዳናው መጣ፤ ደጃችን ሲደርስ ዝግ አለ። ግሌን በመስኮቱ አየን። እንደ ልማዱ ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን አንስቶ ሰላም አለንና አለፈ። ሌላንድ መነጽሩን እንዳደረገ እጁን አነሳለት።