ከነሥሩ ያስነቀልኩት እሬት

እስከ ዛሬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየነገርኩ ይህን ስዘለው ኖሬያለሁ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሐዋሳ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል በነበረች አንዲት የሳሙና ፋብሪካ የግዥ ኃላፊ ነበርኩ። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። የሚታወቁት በእሬት ሳሙናቸው ነው። እሬቱ የሚመጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ከቡሹሎ መንደር ወዲያ ካለ ኮረብታ ሲሆን፣ የሚያቀርቡልን የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ዳንጊሶ።

ገበያው ሲደራ ቅጠል እየቆረጡ እስኪያድግ መጠበቅ ሰለቸኝ። ከነሥሩ ንቀሉት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ዳንጊሶ "ከዚያስ?" ሲለኝ "ኮረብታ ሞልቷል" ብዬ ዘጋሁት። እትዬም አንድ ቀን "ችግኝ ብናፈላ አይሻልም ወይ ልጄ? ይሄ ተክል ከጠፋ እኮ እኛም የለንም" ብለውኝ ነበር። "ምን ሲደረግ እትዬ፣ ተራራው ሙሉ ነው" አልኳቸው። ስንፍና ነበር? ወይስ ጎበዝ መባል አምሮኝ? ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

ኮረብታው ተራቆተ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ድንጋዩን ጠርጎ የገበሬዎቹ ማሳ ላይ ደፋው። ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ እትዬ እኔንና ዳንጊሶን አስከትለው ራሳቸው ወጥተው የተቆፋፈረውን ቦታ አዩ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"አትንቀል ብዬው ነበር" አልኩ፣ ዳንጊሶን እያየሁ።

እሱ በአማርኛ ሊመልስ ጀምሮ ቃል ሲያጥረው በሲዳምኛ ቀጠለ። እትዬ ሲዳምኛ አይሰሙም፤ እኔ እሰማለሁ። "ያዘዝከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ንገራቸው እንጂ!" ነበር የሚለኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ።

"ይቅርታ እየጠየቀ ነው" አልኩ።

ዳንጊሶ ከአቅራቢነት ተባረረ። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካዋ ተዘጋች፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ። እትዬ እኔን እንዳመኑ፣ እሱን እንደረገሙ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ዳንጊሶ አገኘኝ። ሸብቷል። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "እትዬ እውነቱን ሰምተው ነው የሞቱት?"

ምን ፈራሁ? ፋብሪካዋ የለች፣ እሳቸው የሉ።

"አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ" አልኩት።

ሁለት እጄን ጨብጦ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ጌታ ይባርክህ" አለኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያን ምርቃት አሜን ብዬ ተቀብያለሁ።