ኳሷን ይዞ የመጣው ሰው

ሰውየው ከሳንጊሄ ደሴት በጀልባ ተጠርቶ መጥቶ የባሕር ጥናት ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ግን አላስደገፈም። ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል፤ እነሱም በዓሣ ማጥመጃ ክር የተሰፉ ናቸው። ጭኑ ላይ ያቀፋት ነጭ ኳስ የባሕሩን ውሃ አካሄድ እንዲጠቁሙ ከተለቀቁት ተንሳፋፊዎች አንዷ ናት።

የቢሮው ሠራተኛ ሜይስኬ ገና ስታየው ደሟ ፈላ። ኳሷ በላከችው የቦታ ምልክት ከሄድን ባሕሩ ዳገት ወጥቶ አንድ ጓዳ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተኝቷል።

«ከሥሯ ተንጠልጥሎ ውሃው የሚጎትተው ረጅም ጨርቅስ?» አለችው።

«ለዶሮዎቼ ጥላ ሆኗል።»

«አባባ፣ ይቺ መጫወቻ አይደለችም። የት እንዳለች በየሰዓቱ እናያለን። የቤትዎን በር ሳይቀር እናውቀዋለን።»

ሰውየው ይህን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ተነሣና ኳሷን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«አምና ወንድሜ ከነጀልባው ሲጠፋ እዚሁ አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ባሕር ሰፊ ነው፣ ውሃው ወዴት እንደወሰደው አይታወቅም ብላችሁ ሸኛችሁኝ። እናት የሌላት ፕላስቲክ ስትጠፋባችሁ ግን ጓዳዬ ድረስ ሰው ላካችሁ።»

ሜይስኬ እንደ ልማዷ የርክክብ ቅጹን ወደ እሱ ገፋች።

ሰውየው ብዕሩን አንሥቶ፣ «የጠፋው ንብረት» የሚለው መስመር ላይ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭኖ የወንድሙን ስም ጻፈ።