ቫይኪንጎቹ ያልወጡባት አገር

ኔዘርላንድ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስና መድኃኒት ማስዋጥ ነበር። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ እሳቸው ወሰዱት።

«ትጽፊልኛለሽ?» አሉኝ አንድ ጠዋት። «አንቺም የደች ቋንቋሽ ይሻሻላል፣ የእኔም መጽሐፍ ያልቃል።»

መጽሐፉ ያልሆነ ታሪክ ነው። በጥንት ዘመን ከሰሜን በመርከብ እየመጡ ይህን የባሕር ዳርቻ ይዘርፉ የነበሩት ቫይኪንጎች ባይመለሱ፣ እዚሁ ቢነግሡ ኖሮ አገሩ ምን ይመስል ነበር? እሳቸው በሐሳባቸው ጨርሰውታል፤ ንጉሡን፣ ሕጉን፣ ወራሾቹን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እተይባለሁ፤ መቀመጥ ግን አልችልም። ሁለት መስመር ጽፌ መስኮት እከፍታለሁ፤ ሁለት ጽፌ ጋዙ መዘጋቱን ለማየት ወጥ ቤት እገባለሁ። ያኔ ሁሉ ነገሬ እንደዚያ ነበር። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ እሄዳለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ አንድ ሰው መጥቶ «ተነሺ» የሚለኝ ይመስለኛል።

አንድ ዓርብ፣ አዲሱ የቫይኪንግ ንጉሥ ወንዙን የሚሻገርበት ምዕራፍ ላይ ደረስን።

«ሕዝቡ ተንበረከከ» አሉ። «በአንድ ትውልድ ውስጥ ቋንቋውን ረሳ።»

እጄ ቆመ። «ሁሉም?»

«ሁሉም። ታሪክ እንዲህ ነው።»

«ሰው እንዲህ በቀላሉ አይረሳም።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተይቢ።»

ተየብኩ። ግን ያላሉትን ጨመርኩበት። ንጉሡን በጀልባ የምታሻግረው ቀዛፊ ሴት ናት። ወንዙ መሐል ስትደርስ መቅዘፏን አቆመች፤ «በእኔ ቋንቋ ካልለመንከኝ አልቀዝፍም» አለችው። ስድስት መስመር ብቻ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ቅዳሜና እሁድ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ፤ እሁድ እሁድ ከዴንሃግ ከተማ የምትመጣው ልጃቸው የጻፍነውን ጮክ ብላ እንደምታነብላቸው አውቃለሁና።

ሰኞ ስገባ ገና ሰላም ሳልል ጠየቁኝ።

«መጽሐፌ ውስጥ ያስገባሻት ሴት ማን ናት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁኑኑ አጠፋታለሁ።»

«አለቃሽ ጋ ደውዬ ነበር።»

ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆምኩ። በቃ፣ ሥራዬ አለቀ አልኩ።

«ከዚያ ስልኩ ሳይነሣ ዘጋሁት» አሉ። «ልጄና እኔ ትናንት ስንከራከር ዋልን። እሷ ንጉሡ ይለምናል ትላለች፣ እኔ ይገድላታል እላለሁ። ግን ከገደላት ማን ይቀዝፍለታል? ንገሪኝ፣ ምን አደረገ?»

«አላውቅም። የጻፍኩት እስከዚያ ነው።»

«እንግዲያው ኮትሽን አውልቂና ተቀመጪ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ታሪኩን ተራ በተራ መናገር ጀመርን። ተሸናፊዎች ቋንቋቸውን የት እንደሚደብቁ ነገርኳቸው፤ ልጅ ሲቆጡ፣ ከብት ሲጠሩ፣ ሲያለቅሱ። እሳቸው የማያምኑበትን ያሰርዙኛል፣ እኔ መልሼ አስገባዋለሁ።

ባለፈው መጋቢት ዞተርሜር ከተማ ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ የእኔ ሥራ አበቃ። ሐሙስ ሐሙስ ግን በእረፍት ቀኔ እሄዳለሁ። አሁን መጨረሻው ላይ ነን፤ አልተስማማንም። እሳቸው ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይሙት ይላሉ። እኔ ደግሞ በስተርጅና አገሩ ናፍቆት መርከብ ይፈልግ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ተኮራርፈን ተለያየን። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ደወለች። «አባቴ መጽሐፉን ለመቀጠል ነገ ቀደም ብለሽ እንድትመጪ ይፈልጋል» አለችኝ።