አደራውን መልሺ

ይታየሽ ከፃግብጂ ተድራ ሰቆጣ ስትገባ የያዘችው አማርኛ ለገበያ እንጂ ለወግ አይበቃም ነበር። በሬውን «በሬዋ»፣ ላሟን «ላሙ» ትላለች። ባሏን ደሴን ሰው ፊት «መጣሽ ወይ?» ስትለው ሰፈሩ በሳቅ ያልቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ጣልያን ገብቶ ወጣ፣ ልጆች ወለደች፣ ዳረች፣ ጠጉሯ ሸበተ፤ አማርኛዋም ቀስ እያለ ተቃና። አንዲት ቃል ብቻ ሳትቃና ቀረች። ጉዱ ሁሉ የመጣው በዚያች ቃል ነው።

በነይታየሽ አገር፣ በአገውኛው፣ እግዜር «አደራ» ነው የሚባል። እናቷ ሲነጋ «አደራ»፣ ሲመሽ «አደራ» ስትል እየሰማች ነው ያደገችው። ሰቆጣ መጥታ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ሲለያይ «አደራ!» ሲባባል አገኘችው። ነጋዴው አህያውን ለባልንጀራው ሲተው «አደራ!» ሴትዮዋ ልጇን ለጎረቤት ትታ ገበያ ስትወርድ «አደራ!» ይታየሽ ገረማት። «ይሄ የሰቆጣ ሰው እንዴት ያለ ጸሎተኛ ነው! ለአህያ እንኳ እግዜርን ይጠራል!» አለች በልቧ። የሚያርማት አልተገኘም። እሷ የመሰላትን ትላለች፣ እነሱ የመሰላቸውን ይሰማሉ፤ ማን ይወቀው?

ደሴ ዕድሜውን ሙሉ ጨው በአህያ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም ቤት ዋለ። አንድ ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ፦

«ስሚ እስቲ፣ ለምን አንቆርብም?» አላት።

«አብረን?»

«ታዲያ ከጥሩሐረግ ጋራ ልቁረብ? በሰማንያ የተጋባነው ለዚህ ዓለም ነው። ብንቆርብ ግን በቃ፣ በዚያኛውም ዓለም አንለቃቀቅም።»

«በዚያኛውም ልትጨቀጭቀኝ?» አለችና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ደስ ብሏት ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ደሴ ሌላ አሳብ የለውም። ሲያነጥስ እንኳ «እንዳልሞት፣ ገና አልቆረብኩ!» ይል ጀመር።

ጥሩሐረግ ያልናት ጎረቤታቸው ናት። እጇ እቤቷ ቢሠራም ጆሮዋ ካጥር ወዲያ ነው የሚውል። በዚያው ሰሞን ይታየሽን አጥሩ ሥር አገኘቻትና፦

«እኔስ ይገርመኛል እቴ! ባልሽ ከተቀመጠ ወዲህ በምን ትኖራላችሁ?» አለቻት።

«አደራ አለኝ እኮ» አለች ይታየሽ።

«አደራ? እዚህ ቤት ውስጥ?»

«ታዲያ የት ይሄዳል? ቤቴ ነው ያለ።»

ጥሩሐረግ ሌላ አልጠየቀችም። ወንዝ ወርዳ ውሃ እስክትቀዳ ድረስ ነገሩ የብር አምባር ነበር። ቀትር ላይ አምባሩ ጠመንጃ ሆነ። ሲመሽ፣ በጣልያን ጊዜ የሞተ አንድ ባላባት «ጠብቂልኝ» ብሎ የሰጣት ሣጥን ሆኖ አደረ። «እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለ» ትላለች ጥሩሐረግ፣ ያለችው ራሷ ሆና።

ወሬው ከንስሐ አባቷ ከቄስ አሥራተ ማርያም ጆሮ ገባ። ድሮ የንስሐ አባቷ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ አገውኛ ይሰሙ ነበር፤ እሳቸው ዐርፈው የተተኩት እኒህ፣ ከጎጃም ተምረው የመጡ፣ የልጇ እኩያ ናቸው። ቅኔ ቢሉ ቅኔ፣ ዜማ ቢሉ ዜማ፤ አገውኛ ግን አንዲት ቃል የለ። ይታየሽ ልትናዘዝ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከጽዱ ዛፍ ሥር ስትቀመጥ፣ እሳቸው ወሬውን በሆዳቸው ይዘው ነው የጠበቋት። ጾም መግደፏን፣ ሰው ማማቷን ተናዘዘች። ጨረስኩ ስትል፦

«ልጄ፣ የቀረሽ የለም? አደራ የለሽም?» አሏት።

ፊቷ በራ። «አለኝ እንጂ አባ! አደራ የሌለው ምኑን ሰው ሆነ?»

ቄሱ ደነገጡ። እንዲህ ሳታፍር! «የት ነው ያለው?»

«ቤቴም አለ። መንገድ ስሄድም አብሮኝ ነው።»

«ማነው የሰጠሽ?»

«እናቴ። ለሷም እናቷ።»

ከነአያቷ ያደራ በላተኛ! ቄሱ መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በይ ልጄ፣ አደራውን መልሺ። መልሰሽ ስትመጪ ትቆርቢያለሽ።»

«ምን አሉኝ?»

«አደራውን መልሺ! እሱን ይዘሽ ሥጋ ወደሙ አይቀበሉም።»

ይታየሽ ዐይን ዐይናቸውን አየቻቸው። ቀልድ የለም። እግዜርን መልሺና ነይ፣ ያኔ ትቆርቢያለሽ፤ የተባለች ይኸው ነው የመሰላት።

«ለማነው የምመልሰው?»

«ለባለቤቱ!»

«አደራ ባለቤት አለው እንዴ?» ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አልመልስም አባ። እሱንስ አልመልስም።»

«እንግዲያው አትቆርቢም።»

«ይቅራ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ለወትሮው መስቀል ሳትሳለም የማትወጣ ሴት፣ ያን ቀን ሳትሳለም ሄደች።

ቁልቁል ወደ ሰፈሯ ስትወርድ እንባዋ ይወርዳል። የምታስበው የቁርባኑን መቅረት አልነበረም። እሱን ለቅቃ እሱን እንዴት ትቀበል? ቅዳሴው ላይ ያለው እሱ፣ ቤቷ ያለው እሱ፤ ቄስ ሆኖ ይሄ እንዴት ይጠፋዋል? በጣልያኑ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ፈንጣጣ ሲወስድባት፣ ሬሳውን ታቅፋ ያችን አንድ ስም ስትል ነው የነጋላት። ያን ቀን አማርኛ አልመጣላትም። በአማርኛ ሽንኩርት ትገዛለች እንጂ በአማርኛ አልቅሳ አታውቅም። «እሱስ እኔን መች መለሰኝ?» አለች፣ መንገድ ላይ ብቻዋን።

ቤት ስትደርስ ደሴ «እህሳ፣ ምን አሉሽ?» ብሎ ጠበቃት።

እውነቱን ብትነግረው ዱላውን ይዞ ሊሄድ ነው። ካህንን ከባሏ ልታጣላ? የንስሐ ነገርስ ይወራል? «አልቆርብም» አለችው።

«ምን?»

«አልቆርብም። ተወኝ።»

ደሴ ዝም አለ። ሲጨቀጭቅ የኖረ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም። የጾም ቆሎውን እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆረጥመው። ምን ይመስለዋል? እዚህ አረጀሁባት፣ እዚያኛው ዓለም ደግሞ ልትገላገለኝ ፈለገች ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ አላስችል ቢለው፣ በዝናብ እያነከሰ ቄሱ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ እኔ ክፉ ባል ነኝ?»

«ኧረ ምን ሆነህ ነው ደሴ?»

«ይታየሽ አልቆርብም አለችኝ። ምን በደልኳት? ይንገሩኝ፣ ልካሳት።»

ቄሱ አቀርቅረው አሰቡ። «የተናዘዘችውን አልነግርህም። ሰፈሩ የሚለውን ግን አንተስ አልሰማህም? ያደራ ሣጥን ቤታችሁ አለ ይላል።»

«እኔ ቤት? እኔ ቤት ከጨው ሌላ ያደረ ዕቃ የለም።»

«"አደራ አለኝ፣ ቤቴ ነው ያለ" ብላለች አሉ፣ በገዛ አፏ፣ ለጥሩሐረግ።»

ደሴ አገውኛውን የተማረው ፃግብጂ ሲያጫት ነው፤ አንድም ቃል አልረሳም። መጀመሪያ አፉ ተከፈተ። ቀጥሎ ዱላውን ጣለ። ቀጥሎ እጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ።

«አባ፣ አደራ እኮ... አደራ እኮ በነሱ ቋንቋ እግዜር ነው!»

ቄሱ አብረው ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና እንዳለ ቀረ። ምን ብለዋት እንደነበር ትዝ አላቸው። ቃል በቃል።

«ምነው አባ? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለ ደሴ።

ቄሱ ጥምጥማቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ቁልቁል ሄዱ።

ይታየሽ ቤቷ ውስጥ በሩ ሥር ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ባቄላ ትለቅማለች። ቄሱን ስታይ ልትነሣ አለች፤ ግን ቀድመው እሳቸው ወደቁ። ያ ሁሉ ቅኔ የተቆጠረበት ራስ እግሯ ሥር!

«ይፍቱኝ እናቴ» አሉ። እስካሁን «ልጄ» ነበር የሚሏት።

«ኧረ በስመ አብ! ይነሡ አባ፣ ጭቃ ነው!»

«አላወቅሁም። የጥሩሐረግን ወሬ ሰምቼ ዕቃ መስሎኝ ነው። የሰው ዕቃ። አደራ ማለት በኛ አማርኛ ሰው አምኖ የሰጠሽ ነገር ነው።»

ባቄላው ከእጇ ፈሰሰ። ያ ሁሉ ዘመን የሰቆጣ ሰው ለአህያው የሚጸልየው... ነገሩ ቀስ እያለ ገባት፤ ሳቅ ጀመራት፣ ግን ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ፈርቼ እሺ፣ መለስኩ ብልዎትስ ኖሮ?»

ቄሱ መሬት መሬቱን አዩ። «አቆርብሽ ነበር።»

«ባዶዬን?»

«ባዶሽን።»

ውጭ ዝናቡ ጣራው ላይ ይወርዳል። በመጨረሻ ይታየሽ እጇን ዘርግታ ጥምጥማቸውን አስተካከለችላቸው፤ ለልጇ እንደምታደርገው።

«እርስዎም ልጅ ነዎት ገና» አለች። «እግዜር ይፍታዎት። ጥሩሐረግንም እንዳይቆጡብኝ፤ እሷ የሰማችውን ነው ያወራች።»

«የሰማችውን?» አለ ደሴ፣ እያለከለከ ከበር ገብቶ። «ሣጥኑንም ሰምታ ነው?»

«አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ በዝናብ ወጣህ? ጉልበትህን አታውቅም?» ብላ ተቆጣችው። ደሴ ቁጣዋን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደበራ! ወደሷ ተጠግቶ፣ ቄሱ እንዳይሰሙ መስሎት፣ ቄሱ ግን እየሰሙ፦

«እኔን ጠልተሽ አይደለማ?» አላት።

«ሂድ ወዲያ፣ ሽማግሌ!»

የኪዳነ ምሕረት ለት፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ሁለቱ ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ቆረቡ። ቄስ አሥራተ ማርያም ሥጋውን ሲያቀብሏት ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት ይባላል፤ ይሄንን ደግሞ ያወራችው ጥሩሐረግ ስለሆነች እንዳመናችሁ። የቆረበ ሰው አፉን ሸፍኖ ዝም ብሎ ነውና የሚውል፣ ባልና ሚስት ነጠላ አፋቸው ላይ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ደሴ የሚላት ነገር ሞልቶት ክንዷን በክንዱ ይነካካታል፤ እሷ በዐይኗ «ዝም በል» ትለዋለች። ጥሩሐረግ ካጥሩ ወዲያ አንገቷን አስግጋ፦

«እሜት ይታየሽ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! በይ እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ያ ሣጥን ለማን ተመለሰ?» አለቻት።

ይታየሽ አልመለሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ትከሻዋ ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።